ጉዳዩ፦ ቅሬታን ይመለከታል

በቋንቋችን «አቤት» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር እንጠቀምበታለን። አንደኛው ሲጠሩን ነው። እናት ከጓዳ ስትጣራ፣ መምህር ስም እያነሳ ሲቆጥር፣ ታላቅ ሰው ከመንገድ ማዶ ሲያየን «አቤት!» ብለን ብድግ እንላለን። ሁለተኛው ማንም ሳይጠራን ነው። ተበድለን፣ ሰሚ ፍለጋ በር ላይ ቆመን የምንጮኸው «አቤት!» ነው። አቤቱታ የሚለው ቃልም ከዚያው ነው የመጣው። እኩያችን ሲጠራን ግን «አቤት» አንልም፤ «ወዬ» ነው የምንለው። እንግዲህ አቤቱታ ማለት ላልጠራን ሰው መልስ መስጠት ነው ማለት ነው። ይህን ያስተዋልኩት በቋንቋ ክፍል ሦስት ዓመት በመቀመጤ አይደለም። ታናሽ እህቴ የመግቢያ ፈተና ውጤቷን ይዛ መጥታ «ጋሽዬ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ያለችኝ ጊዜ ነው።

ማመልከቻ መጻፍ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። እዚህ ግቢ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚፈለገው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለፍቅር ደብዳቤና ለማመልከቻ። የፍቅር ደብዳቤው ገበያ በስልክ ምክንያት ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር። ማመልከቻው ግን አልሞተም። ዶርማችን ውስጥ የምግብ ካርድ ለጠፋበት ጽፌያለሁ፤ ታሞ ፈተና ላለፈው ጽፌያለሁ፤ በውጤት ተባሮ በዓመቱ ልመለስ ላለው ጽፌያለሁ። ትምህርት ክፍል ይቀየርልኝ ላለ አንድ ወዳጄም «ለአገር ልማት ያለኝ ፅኑ ፍላጎት» ብዬ ጽፌለታለሁ፤ እውነተኛው ምክንያት ሲቪል ምሕንድስና ውስጥ ያለች አንዲት የአዳማ ልጅ መሆኗን ሁለታችንም እያወቅን። ዋጋዬ ሻይ በዳቦ ነው። በዚህ ሁሉ ግን የሰው ጉዳይ የሰው ነበር። የእህት ጉዳይ ሲሆን እጅ ይንቀጠቀጣል።

ስለ ፈተናው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አልፋችሁበታል። ቢሆንም ቁጥሩን አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ላስቀምጠው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው፤ ፈተናው የተሰጠው 2015 ጥቅምት ላይ ነበር። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። እህቴ በተፈተነችበት በ2016 ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ መሆኑ ነው። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ከኩረጃና ከፈተና ስርቆት የጸዳ ውጤት ይሁን መባሉን እኔ አልቃወምም። ጎረቤታችን የነበረ ልጅ በሌላ ሰው ራስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲመለስ አይቻለሁ። ነገር ግን መቶ ሰው ተሰልፎ አምስቱ ብቻ በሚገባበት በር ላይ አንድ ስህተት ቢፈጠር ከወደቁት ዘጠና አምስት መካከል ማን ይለየዋል? ከአሥር ሺህ ተፈታኝ የአንዱ ብቻ ውጤት ቢሳሳት እንኳ በዚያ ዓመት ስልሳ ሰባት ልጅ ማለት ነው። ስልሳ ሰባት ልጅ አንድ ሙሉ ክፍል ነው፤ ያውም የተጨናነቀ።

የእህቴ ውጤት እንዲህ ነበር። እንግሊዝኛ 52፣ ሒሳብ 41፣ ጂኦግራፊ 49፣ ታሪክ 50፣ አፕቲትዩድ 46። ኢኮኖሚክስ ላይ ቁጥር የለም፤ ሰረዝ ብቻ። ድምር ከ600፣ 238።

ሰረዝ! ዜሮ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ዜሮ ማለት አንድ ሰው ወረቀትሽን አይቶ «ምንም የለሽም» ብሎሻል ማለት ነው። ሰረዝ ግን «አልነበርሽም» ነው የሚለው። እሷ ግን ነበረች። የመልስ ወረቀቱን በእርሳስ አጥቁራ፣ ለፈታኙ አስረክባ፣ ፈርማ ወጥታለች። ፈተናው ባለቀ ማታ ዶርም ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር መልስ እያመሳከረች ኢኮኖሚክስ ላይ ከስልሳ በላይ እንደምታገኝ ቆጥራለች። ልብ በሉ፤ 62 ብታገኝ ድምሩ ልክ 300 ይመጣል። የማለፊያው ነጥብ እሷ ነች። እናታችን ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህችን ሒሳብ ግን ከሁላችንም ቀድማ ሠራቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ስልሳ ሁለት የሚባል ቁጥር እንደ ታቦት ስም ይጠራ ጀመር።

መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራም። ስሙን ብጠራው የሚጠቅመው የለም፤ ደግሞም ይህ ጽሑፍ ክስ አይደለም። ቅሬታ ያለው በኮምፒውተር ይሙላ ተባለ፤ ጥቂት ቀን ተሰጠ። መጀመሪያ ግን በወረቀት ላይ ማርቀቅ አለብን ብዬ ተቀመጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን እንጀራ እየጋገረች ለሆቴል እያስረከበች እንዴት እንዳሳደገችን አለበት። ልጅቷ ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ ደረጃ እየያዘች መምጣቷ አለበት። በአምስተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት አገር ልጇን «አልነበርሽም» ስትል ምን እንደሚሰማ ጽፌያለሁ። አንባቢ ይፍረደኝ፤ ያ አንቀጽ እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ይሻላል።

እህቴ አነበበችው። ከዚያ «ጋሽዬ፣ እንጀራው ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«እንዲያዝኑልሽ ነዋ።»

«እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም። ወረቀቱን እንዲፈልጉት ነው።»

ከዚያም ደብተሯን አውጥታ የራሷን ጻፈች። እንደወረደ እነሆ፦ «ኢኮኖሚክስ ተፈትኛለሁ። መልሴን አስረክቤያለሁ። ውጤቴ የለም። የት ነው?» አራት ዓረፍተ ነገር። ክብረት የለ፣ ልመና የለ፣ ቀን እንኳ የለ።

በእኔ ሦስት ገጽና በእሷ አራት ዓረፍተ ነገር መካከል ዳኛ ያስፈልግ ነበርና ወደ ልደታ ወረድን። ፍርድ ቤቱ አካባቢ በጃንጥላ ጥላ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ኮምፒውተርና ማተሚያ ይዘዋል፤ እኛ የቀረብናቸው ሽማግሌ ግን የጽሕፈት መኪናቸውን ከጎናቸው አልለዩም። «መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣ» አሉን። ሁለቱንም ረቂቅ አነበቡ። የእኔን ሲያነቡ ሁለት ጊዜ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ጥሩ ነው። ግን ይኼ የሚነበበው ለቅሶ ቤት ነው።» ወደ እህቴ ዞሩ። «የአንቺ ደግሞ ጥል ያስነሳል። ‘የት ነው’ ተብሎ ለመሥሪያ ቤት አይጻፍም።»

«ለምን፣ አባባ?»

«ሰው ያለበት ይመስላላ! መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ‘ጠፋ’ አትበይ፤ ‘ጠፋብሽ’ ያሉ ይመስላቸዋል። ‘ጣላችሁት’ ደግሞ ፈጽሞ አይባልም። ‘ሳይካተት ቀርቷል’ ነው የሚባል። ማን አላካተተውም? ማንም። በራሱ ነው የቀረ። እንዲህ ስትዪ ያ ያጠፋው ሰው ራሱ ያለ ፍርሃት ፈልጎ ያመጣልሻል።»

ወገኖቼ፣ እኛ ተደራጊ ግሥን ከመማሪያ መጽሐፍ ነው የተማርነው። እኚህ ሰው ግን በሠላሳ ዓመት ሥራ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ለፈሪ ሰው መደበቂያ ነው፤ ለጥፋተኛውም፣ ለአቤት ባዩም። እውነቱን ለመናገር ግን አነጋገራቸው ጥበብ እንደሆነ ባውቅም ልቤ አልወደደውም። ጥፋት ሁሉ በራሱ የሚቀር ከሆነ በራሱም ይደገማላ።

ደግሞ እንዲህ አልነበረም። የጥንቱን ሙግት ታሪክ ስናነብ «በላ ልበልሃ» የሚባለው ሥርዓት ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን እየወዘወዘ፣ በሕዝብ ፊት ባላጋራውን ስሙን እየጠራ የሚሞግትበት ነበር። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ድሃ ባለጠጋውን ያሳፍራል፤ ቅኔና ተረት እንደ ማስረጃ ይቆጠራል። የተሸነፈ ይግባኝ እያለ ደረጃ በደረጃ እስከ ዙፋን ችሎት ይሄዳል። በኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ችሎቱ ሩቅ የሆነበት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ የንጉሡ መኪና ሲያልፍ ወረቀቱን ወደ ላይ ይዘረጋ ነበር። የድሮውን አላመልክም፤ ዕድሜ ልኩን ደጅ ሲጠና ያረጀ ባላገር ቁጥር የለውም፤ እንደ እህቴ ያለች የደሃ ልጅማ ያን ጊዜ የምትሟገትለት ፈተናም አልነበራትም። ግን ሰው ለሰው ነበር የሚናገረው። አሁን ያለን በኮምፒውተር ላይ የተሠራች ትንሽ ሳጥን ናት። ሦስት ገጼን ልከትባት ብሞክር መግቢያው ላይ አፏን ዘጋች። የፊደል ወሰን አላት። አምስተኛው አንቀጼ ሳይነበብ ቀረ። (ይቅርታ፤ «ሳይካተት ቀረ» ማለት ነበረብኝ።)

በመጨረሻ በሳጥኗ ውስጥ የገባው የሽማግሌው ነው፦ «በኢኮኖሚክስ ትምህርት ፈተና ላይ ተገኝቼ የተፈተንኩ ሲሆን ውጤቴ ሳይካተት የቀረ በመሆኑ ተጣርቶ እንዲካተትልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» እህቴ ግን የራሷን ትታ አልሄደችም። በወረቀት የሚገባው ቅጂ ላይ፣ ከፊርማዋ በላይ በእጅ ጽሑፏ «መልሴን አስረክቤያለሁ» የምትለዋን ጨመረች። ሽማግሌው አይተው ዝም አሉ። ገንዘቡን ስንሰጣቸው ግማሹን መለሱልን።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ስለ መጠበቁ ብዙ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ሬጅስትራር ደጃፍ ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ። መዝገብ ቤት «ገቢ» የሚል ማኅተም አስመትተን ቁጥር ይዘን ተመለስን። በየሳምንቱ እየሄድኩ ስጠይቅ «ምርመራ ላይ ነው» ይሉኛል። በር ላይ ያለው ጥበቃ በሦስተኛው ሳምንት «ወንድሜ፣ አንተ እዚህ ተቀጥረህ ነው?» አለኝ። ከእኔ ጋር የሚጠብቁ ብዙ ነበሩ። አንድ አባት ከአርሲ ድረስ መጥተው የልጃቸውን ውጤት «ከዚህ የበለጠ መሆን አለበት» ይሉ ነበር፤ ማስረጃቸው ልጁ ሌሊት እንደሚያጠና ማየታቸው ብቻ ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ 299 አግኝታ አንድ ነጥብ ልትለምን መጥታለች። የእነዚህን አቤቱታ ሰምቶ ከእህቴ ሰረዝ መለየት ለሠራተኛውም ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል። በወሬ ብዛት እውነተኛው ጩኸት ይዋጣል። እናታችን በበኩሏ «ዝም አይነቅዝም፤ አትነዝንዟቸው፤ ይናደዱባችኋል» ትል ነበር። የእሷ ትውልድ ከመሥሪያ ቤት ጋር ያለው ግንኙነት ይኸው ነው፤ እንዳያዩህ አድርገህ እንዲያዩህ መለመን።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ማታ እህቴ ስልኳን ስታይ ሰረዙ የለም። በቦታው 53 ተጽፏል። ድምር 291።

ደብዳቤ አልመጣም። «ተገኝቷል» ያለ የለም፤ «ይቅርታ» ያለ የለም። ቁጥር ብቻ፣ ሌሊት እንደ በቀለ እንጉዳይ። አቤቱታው ተሰማ ማለት ነው፤ ደግሞም አልበቃም ማለት ነው። ዘጠኝ ነጥብ። እናታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ «ተመስገን፤ ከባዶ ይሻላል» አለች። ከባዶማ ይሻላል። 291 ያመጣ ልጅ የሬሜዲያል ትምህርት ያገኛል፤ ጥቂት ወራት ተምሮ፣ ተፈትኖ ካለፈ የመጀመሪያ ዓመት ይገባል። እኔም ደስ አለኝ። ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ መጣ፤ ቡና ተፈላ።

እህቴ አላለቀሰችም። ቡናውን እያቀረበች ሳለች ድንገት ቆማ «ማን አገኘው?» አለች።

«ምኑን?»

«ወረቀቴን። የት ነበረ? ማን አገኘው? 53 ነው ያለው ማሽኑ ነው ወይስ ሰው? አንድ ጊዜ አልነበርሽም ካሉኝ፣ አሁን 53 ነሽ ሲሉኝ በምን ልመናቸው?»

ይህን ጥያቄ እናታችን ትዕቢት አለችው። ጎረቤቶቹም «ያገኘሽውን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ደግሞ ያንንም እንዳይነሱሽ» አሏት። እኔ ግን በዚያ ማታ እህቴን ከእኔ የበሰለች ሆና አየኋት። ነጥብ አልነበረም የጠየቀችው፤ 53 እውነት ከሆነ ትቀበላለች። ምክንያት ነው የጠየቀችው። እኛ ደግሞ ውሳኔ ሲደርሰን የምንቀበለው እንደ ዝናብ ነው። ዘነበ፣ አልዘነበም። ዝናብን ለምን ዘነብክ የሚለው ማነው?

በነጋታው ሕግ የሚማር የዶርም ጓደኛዬን ጠየቅሁት። ሳቀና አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አወጣልኝ፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ይባላል። የመንግሥት ተቋም በአንድ ሰው ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ እንዳለበት፣ ሰውየው ካልተስማማ እዚያው ተቋም ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ይናገራል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ያው ልደታ ነው፤ ከሽማግሌው ጃንጥላ ሃምሳ እርምጃ። እንባ ጠባቂ የሚባል ተቋምም ከ1992 ጀምሮ በሕግ አለን። ስሙን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ሌላው ዓለም ስለ መብት የሚያወራበትን ቦታ እኛ በእንባ ሰየምነው። እህቴ ይህን ስነግራት «እኔ እንባ የለኝም፤ ጥያቄ ነው ያለኝ» አለችና አዋጁን ብቻ ያዘች።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ራሷ ጻፈችው። ለእኔም ለሽማግሌውም ያሳየችን ከጨረሰች በኋላ ነው። ጉዳዩ፦ «ምክንያት እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። የመልስ ወረቀቷ በመጀመሪያ ለምን ከውጤቷ ጋር እንዳልቀረበ፣ በኋላ እንዴት እንደተገኘና በማን እንደታረመ በጽሑፍ እንዲገለጽላት ትጠይቃለች። ሽማግሌው አነበቡት። «ሠላሳ ዓመት ስጽፍ» አሉ፤ «ሰው መሬት ስጡኝ ብሏል፣ ጡረታ ስጡኝ ብሏል፣ ልጄን ስጡኝ ብሏል። ምክንያት ስጡኝ ያለ ግን አላየሁም።» ከዚያም አንድ ቃል ሳይለውጡ፣ ኮምፒውተር ያለው ጎረቤታቸው ላተም ሲል ከልክለው፣ በዚያው በጽሕፈት መኪናቸው ገለበጡት። «ሳይካተት» የምትል ቃል የለችበትም። ገንዘብም አልተቀበሉም።

ወረቀቱን ኅዳር 2017 አስገባን። ማኅተም ተመታ፤ ቁጥር ተሰጠ። እህቴ በዚያው ሰሞን ለሬሜዲያል ተመድባ ወደ ደቡብ ሄደች። ተምራ አለፈች፤ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። በስልክ ስንገናኝ መጀመሪያ የእማዬን ጤና፣ ቀጥላ «መልስ መጣ?» ትላለች። አልመጣም። እኔም በወር አንድ ጊዜ ሄጄ እጠይቃለሁ። እልኽ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ምናልባትም ነው።

ባለፈው ሐሙስ ስሄድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁጥሩን ሳልነግራት አወቀችኝ። መዝገቡን ገልጣ በጣቷ ወርዳ ወርዳ «ገና ነው» አለችኝ። ልወጣ ስል ደግሞ ጠራችኝ።

«ለመሆኑ ልጅቷ የት ደረሰች?»

«ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በሚቀጥለው ዓመት ኢኮኖሚክስ ልትመርጥ ነው።»